መብራቱ በርቶ ድምፁ የጠፋው ፔዳል፦ የስምንት ወር ልምዴ

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ካስገባችልኝ ዕቃ አንዱ ተበታትኖ የሚሸጥ የኦቨርድራይቭ ፔዳል (ሲረገጥ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር ዕቃ) ነበር። አይባኔዝ የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው የቱብ ስክሪመር ፔዳል ቅጂ ነው፦ ባዶ ቦርድ፣ በትንንሽ ፌስታል የተከፋፈሉ ዕቃዎች፣ የተበሳ የአሉሚኒየም ሳጥን።

መገጣጠሙ ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለክቼ ነው የበየድኳቸው። በኛ ቤት አምፖል ቀይና ብርቱካናማ ቀለበት መለየት ዘበት ነው፤ 1 ኪሎ ኦም ያሉት 10 ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ስሰካው፣ ሳልረግጠው ጊታሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስረግጠው መብራቱ ቦግ፣ ድምፁ ድርግም።

ሊዱን በሙሉ እንደገና አቀለጥኩት። ምንም። በመጨረሻ ሰፈራችን ላሉት ሬዲዮ ጠጋኝ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ መብራቱ እኮ ይበራል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እሱ የራሱ መንገድ አለው» አሉና የእግር ማብሪያውን ገልብጠው አሳዩኝ። ዘጠኝ እግር አለው፣ በሦስት ረድፍ። አንዱ ረድፍ የሚያገለግለው መብራቱን ብቻ ነው። መብራቱ በራ ማለት ድምፁ በቦርዱ አለፈ ማለት አይደለም።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ከፔዳሉ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረበት። ጫፉ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የተበየደ ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ሰኩ። ካፓሲተሩ ዲሲውን (የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ያግድና ድምፁን ያሳልፋል። አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጉት፣ ሲነካ ጧ ይላል። ጊታር እየመቱ በሌላ እጅ መፈተሽ ስለማይመች ስልኬ ላይ የክራር ትዝታ ከፍተን ወደ ፔዳሉ ላክን፤ ጋሼ ጫፉን ቦርዱ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘው ይሄዳሉ። መግቢያው ጃክ ላይ ክራሩ አለ። የመጀመሪያው ትራንዚስተር መግቢያ ላይ ታፍኖም ቢሆን አለ። ድምፁ በሚወጣበት እግሩ፣ ኤሚተሩ ላይ፣ ጭጭ።

በቴስተር ስንለካው ኤሚተሩ ከ4 ቮልት ብዙም መራቅ ሳይገባው 8.3 አሳየ። ምክንያቱ ያኔ ገባን። ቦርዱ የተሠራው 2ኤስሲ1815 ለተባለ ትራንዚስተር ነው፤ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ ራስ ሲያዞሩት እግሮቹ ከግራ ኤሚተር፣ ኮሌክተር (9 ቮልቱ የሚገባበት)፣ ቤዝ (የድምፁ መግቢያ) ናቸው። በፌስታሉ የመጣው ግን 2ኤን3904 ነው፤ የሱ ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ቦርዱ ላይ በተሣለው ግማሽ ክብ መሠረት ስተክለው ቤዙ በቀጥታ 9 ቮልት ላይ አረፈ። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሁለቱንም ትራንዚስተሮች ነቅለን፣ እግራቸውን በሽቦ ልባስ ሸፍነን፣ አቆላልፈን መልሰን በየድናቸው። ክራሩ ሞረደ!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። በሦስተኛው ወር ኪቦርድ ተጫዋቻችን የራውተር አዳፕተር ሰካበት። 9 ቮልት ነው፣ ልክ ነው፤ ግን የፔዳል አዳፕተር መሃሉ ኔጋቲቭ ሲሆን የዚያኛው ፖዘቲቭ ነበር። የኤሌክትሪክ መግቢያው ላይ ያለው 1ኤን4001 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ሾርት ሆኖ ቦርዱን አተረፈው። ትክክለኛውን አዳፕተር ብሰካበትም አልነሳ ያለው ለዚህ ነበር፤ የዳዮዱን አንድ እግር ስቆርጠው ተነሳ። መርካቶ ወርጄ አዲስ ተከልኩለት። ሁለተኛው ብልሽት የሽቦ ነው። አብሮ የመጣው ሽቦ ነጠላ፣ ደረቅ ነው፤ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ሥሩ ላይ ይሰበራል። ሁሉንም አውጥቼ ከአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ በቀዳሁት ለስላሳ፣ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ተክቻለሁ። ብልሽት ባይባልም፣ በርካሽ አዳፕተር ይጮኽ የነበረው እምምታ በባትሪ ስሞክረው ጠፋ፤ ስለዚህ ፔዳሉን ከመክፈታችሁ በፊት ባትሪ ሞክሩበት።

ድምፁስ? የመሃሉን ድምፅ ያጎላል። ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን እንደ ላይኛው አያሳድገውም፣ ስለዚህ ብቻዬን ኮርድ ስመታ ቀጠን ይልብኛል። ከቤዝና ከኪቦርድ ጋር የትዝታ ዜማ ስጫወትበት ግን እንደ ማሲንቆ ሾልኮ ይወጣል፤ ቅዳሜ ማታ ሌላ ፔዳል ይዤ መሄድ ካቆምኩ ቆየሁ።

ቦርዱንና ሳጥኑን ደግሜ እገዛቸዋለሁ። ሽቦውንና የአዳፕተር መሰኪያውን ግን ከፌስታሉ ሳላወጣ እጥላለሁ፣ ትራንዚስተሮቹንም ቁጥራቸውን ሳላነብ አልተክልም። ቴስተር ለሌለው ሰው አልመክርም። የሳጥኑ ክዳን አራት ብሎን ነበረው፤ አሁን የማስረው በሁለቱ ብቻ ነው፣ ቶሎ እንዲከፈት።