አራስ በአዲስ አበባና በአምስተርዳም

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ቤቱ ሁሉ የእሷ ይሆናል። እናቷ ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች። ገንፎው ይገነፋል፤ መሐሉ ተጎድጉዶ በርበሬና ቅቤ ይፈስበታል፤ ጠያቂውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከዚያው ይቀምሳል። በክርስቲያኑ ቤት ክርስትናው እስኪደርስ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ብቻዋን አትተውም።

ሆላንዶች ደግሞ ክራምዞርግ የሚሉት አሠራር አላቸው። የሠለጠነች የአራስ ተንከባካቢ አብዛኛውን ጊዜ ለ8 ቀን ያህል ቤት ድረስ ትመጣለች። የእናቲቱን ሙቀት ትለካለች፣ ስፌቷን ታያለች፣ ሕፃኑን ትመዝናለች፣ ጡት አያያዙን ታስተካክላለች። ከወጪው አብዛኛውን የጤና መድን ይሸፍናል። ለጠያቂ የሚቀርበው እንስላል እንስላል የሚል፣ በስኳር የተለበጠ ዘር የተነሰነሰበት ደረቅ ብስኩት ነው፤ ለሴት ሮዝና ነጭ፣ ለወንድ ሰማያዊና ነጭ።

ለመጀመሪያው ሳምንት እኔ የሆላንዱን እመርጣለሁ። እኛ ዘንድ አራስ ስታተኩስ «ምች ነው» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ፤ ትኩሳቱ ግን የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ያቺ ተንከባካቢ ቴርሞሜትሯን አይታ አዋላጇን ትጠራለች።

ከ8ኛው ቀን በኋላ ግን ተንከባካቢዋ ትሄዳለች። ባል ሥራ ከገባ እናትና ሕፃን ባዶ ቤት ይቀራሉ። የእኛዋ አራስ በዚያን ጊዜ ገና አጥሚቷን እየጠጣች፣ ልጁን አያቱ አቅፋላት ትተኛለች። አምስተርዳም የምትወልዱ እህቶቼ፣ ተንከባካቢዋን በጊዜ አስመዝግቡ፤ እናታችሁንም የምታስመጡ ከሆነ ቲኬቷን ከዚያ ሳምንት በኋላ አድርጉት።