የመንደር ጦር ወይስ አዲሱ ጦር? የቺንግ ሥርወ መንግሥት ጣጣ

ቻይናን ይገዛ በነበረው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ላይ የታይፒንግ አማፅያን ሲነሱ የቤጂንግ ነባር ጦር ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ተሞከረ፤ መጀመሪያ በአንድ አገር ልጆች የተሞላ የመንደር ጦር፣ ኋላ ደግሞ በውጭ ስልት የሠለጠነ አዲሱ ጦር። የቱ ይሻል ነበር? (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ወጪ። የቺንግ ባለሥልጣኑ ዜንግ ጉዎፋን በ1853 ሁናን በተባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ማደራጀት የጀመረው የመንደር ጦር፣ የሺያንግ ጦር፣ ማዕከላዊውን ግምጃ ቤት ብዙ አላስቸገረም። ከነጋዴው በየኬላው የሚሰበሰብ ሊጂን የተባለ ቀረጥ ይደጉመው ነበር። ቺንግ በጃፓን ከተሸነፈበት ከ1895 በኋላ የመጣው አዲሱ ጦር ግን የጀርመን አሠልጣኝ፣ ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ ይፈልጋል። ኪስ ያራቁታል።

ቅለት። እዚህ ላይ ዜንግ ይበልጣል። አዛዡ መኮንኖቹን ይመርጣል፤ መኮንኖቹ ደግሞ የአገራቸውን ልጅ። በቃ።

ስጋት። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ዜንግ በ1864 የአማፅያኑ መዲና ናንጂንግ ከተያዘች በኋላ አብዛኛውን ጦሩን ራሱ በተነው። ስንቱ ነው እንዲህ የሚያደርገው? የአዲሱ ጦር አዛዥ ዩዋን ሺካይ ግን ቲያንጂን አቅራቢያ በሺያዎጃን 7,000 ያህል ወታደር ሲያሠለጥን፣ ደሞዝ ሲከፈል ራሱ ቆሞ ያይ ነበር፤ አለቆች እንዳይቆርጡበት። ወታደሩም እንጀራው ከማን እንደሚመጣ አወቀ። በ1911 ዉቻንግ ከተማ ላይ አምፆ ሥርወ መንግሥቱን የጣለውን አብዮት የለኮሰውም አዲሱ ጦር ነው። ከአብዮቱ በኋላ የአገሪቱ መሪ የሆነው ዩዋን በ1916 ሲሞት እንደ ዱዋን ቺሩይና ፌንግ ጉዎጃንግ ያሉ የሺያዎጃን ልጆች ሥልጣኑን ይሻሙበት ጀመር።

ለማን ይሆናል? ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኖ አመፁ ደጁ ለደረሰበት፣ የዜንግ መንገድ። ጊዜም ገንዘብም ላለው፣ ጠላቱም እንደ ጃፓን ያለ የውጭ ኃይል ለሆነበት፣ አዲሱ ጦር፤ ያውም ደሞዙን የሚከፍለው መንግሥት መሆኑን ወታደሩ ካወቀ።