ኢዲዲ ለሚሠራ መምህር፦ ከመመዝገባችሁ በፊት

«በ3 ዓመት፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን፣ ሥራ ሳይለቁ» የሚለው የኢዲዲ (የትምህርት ሙያ ዶክትሬት) ማስታወቂያ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚያስተምር ሐበሻ አዲስ አይደለም። ማስታወቂያው አይዋሽም፤ የሚያወራው ግን ስለ ኮርሱ ነው። ኮርሱ ሥራ ላይ ላለ ሰውም ይገፋል፦ ማታ ማታ በዙም መግባት፣ ቅዳሜን ለንባብና ለአሳይንመንት መስጠት። ሰው የሚቀረው መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስለሆነ ፕሮግራሙንም መመዘን የሚገባው በዚያ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ በምርምር ለመኖር ካሰባችሁ ፒኤችዲ ይሻላችኋል። ርእሰ መምህር ወይም የዲስትሪክት ኃላፊ ለመሆን ከሆነ ግን ኢዲዲ ልክ ነው። ሃርቫርድ ኢዲዲን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከጀመረው ወዲህ ሁለቱ ዲግሪዎች ብዙ ጊዜ ሲምታቱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው የካርኔጊ ፕሮጀክት (ሲፔድ፣ ኢዲዲን ለማሻሻል የተሰባሰቡ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ግን ጽሑፉ ባለሙያው ከሚሠራበት ቦታ ችግር እንዲነሣ ገፋ። ፕሮግራሙ የዚህ ማኅበር አባል መሆኑን ጠይቁ፤ ዋስትና ባይሆንም ጥሩ ምልክት ነው።

ደህና ፕሮግራም ችግሩን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያስይዛችኋል። «ስደተኛ ተማሪዎች ለምን ይወድቃሉ?» ብሎ የተነሣ ሰው አይጨርስም። እንዲህ ሲጠብ ግን ይሠራል፦ አንድ ትምህርት ቤት፣ 9ኛ ክፍል፣ ከ180 የትምህርት ቀን 18 እና ከዚያ በላይ የሚቀሩ አዲስ መጤ ተማሪዎች (10 በመቶው ነው መለኪያው)፤ ለወላጅ በአማርኛ የስልክ መልእክት ቢላክ መቅረቱ ይቀንሳል ወይ? ሦስት ሳምንት ትልካላችሁ፣ የመቅረት መዝገቡን ታያላችሁ። ካልሠራ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ትደግማላችሁ፤ ለምሳሌ ሰዓቱን፣ ማታ ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ የቀኑን መልእክት ተኝቶ ያልፈዋልና። ሰዓቱንም የመልእክቱን ይዘትም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የአውቶቡስ መስመርን ወይም የዲስትሪክት በጀትን የሚነካ ርእስ ከሆነ ግን፣ ለውጡ በእጃችሁ ስላልሆነ፣ በጊዜ ጣሉት።

ጊዜ የሚበላው ፈቃዱ ነው። የዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ቦርድ (አይአርቢ) ፈቃድ አንዱ ነው፤ ዲስትሪክቱም የራሱ የጥናት ፈቃድ አለው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማመልከቻ በዓመት በተወሰኑ ወራት ብቻ የሚቀበሉ ዲስትሪክቶች ስላሉ ቀኑን ፕሮፖዛል ሳትጽፉ እወቁ። የራሳችሁን ተማሪ ማጥናት ደግሞ ለብቻው ያስጠይቃል። ማርክ የምትሰጡት እናንተ ስትሆኑ ልጁ እንዴት «አልሳተፍም» ይላል? የተለመደው መላ፣ የተሳትፎ ፈቃዱን ሌላ ባልደረባ እንዲሰበስብና ማን እንደፈረመ ማርክ ገብቶ እስኪያልቅ እንዳታዩ ማድረግ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በመደበኛው የወላጅ ፊርማም የልጁ እሺታም ይፈለጋል። የአማርኛው ቅጽ ራሱ በቦርዱ መጽደቅ አለበት፤ በጎግል አስተርጉሞ ማስገባት ማመልከቻውን ሊያስመልሰው ይችላል።

ክፍያው ብዙውን ጊዜ በክሬዲት ሰዓት ነው። ጽሑፉ ሲዘገይ በየሴሚስተሩ የመቀጠያ ክፍያ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ የ3 ዓመቱ በጀት የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። ከአሠሪ የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ ነውና የዲስትሪክታችሁን የሰው ኃይል ክፍል ሳትጠይቁ አትበደሩ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል የድኅረ ምረቃ ብድር ለአዲስ ተበዳሪ አይሰጥም፤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ይሆናል። ለማስተርስ የወሰዳችሁትም ከዚህ ላይ ይታሰባል።

የመግቢያ ቢሮውን ስታናግሩ ስለ ዙምና ስለ ላይብረሪ ብዙ አትድከሙ። አማካሪ የሚመደበው መቼ ነው? አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? ከአምስት ዓመት በፊት ከገቡት ስንቱ ጨረሱ? አማካሪ በአንደኛው ዓመት የሚመድብ ፕሮግራም፣ ዋጋው ጨመር ቢልም፣ ሁሉን ኮርስ አስጨርሶ «አሁን አማካሪ ፈልጉ» ከሚለው ይሻላል። በሦስተኛው ጥያቄ ቁጥር የማይሰጥ ቢሮ ካጋጠማችሁ ማመልከቻውን ተዉት።

ዲግሪውን አገር ቤት ልትሠሩበት የምታስቡ ደግሞ፣ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ኦንላይን የተገኘን ዲግሪ እንዴት እንደሚያይ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡት።