ቆሮሶ ወይስ አምባዛ?

ባሕር ዳር ዓሣ ሲታዘዝ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ቆሮሶ የሚኖረው ጣና ዳር፣ ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ውኃ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሥጋው ነጭ ነው። ጎንና ጎኑ ተተልትሎ በዘይት ሲጠበስ ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም ይላል፤ በዳጣ ሲሆን በቃ ሌላ ነው! ለልጅ ስታጎርስ ግን አጥንቱን ልብ በል።

አምባዛ ጭቃ ይወዳል። ከአየርም መተንፈስ ይችላል፤ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ውኃ ወደተኛበት ረግረግ ይወጣል። ረጃጅም ጢም አለው፤ ቅርፊት ግን የለውም። በዚህ ምክንያት የማይበሉት ምእመናን አሉ። ሥጋው ወፍራም፣ አጥንቱ ጥቂት ስለሆነ ለወጥ እሱን እመርጣለሁ። ለጥብስ ከሆነ ከቆሮሶ ሌላ አላዝም።