«ወርቅ ዶላር» ለምትገዙ ወገኖቼ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ «ወርቅ ዶላር» ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

ልጁ ምላሱ ማር ነው። «አያ፣ 24 ካራት ነው እኮ! ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ለልጅህ አስቀምጥላት» አለኝ። ባለ 100 ዶላር ነው፤ ላዩ ላይ ያለው የፍራንክሊን ምስል በወርቅ ቀለም ያብለጨልጫል። ማኅተም ያለበት ሰርተፍኬትም አብሮ አለ። (ሰርተፍኬቱ ነው ጉድ የሠራኝ።) 1,500 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ማታ ለጎረቤቴ ላሳየው አወጣሁት። ሰውዬው ሳቀና ገባ ብሎ የራሱን ይዞ መጣ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። መለያ ቁጥራቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው!

በማግስቱ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድኩ። ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከሥር ላስቲክ ወጣ። ክብሪት ሲያስነካው ተጨማዶ ፌስታል ፌስታል ሸተተ። «ቅቡ ወርቅ ቢሆን እንኳ፣ ጠርገህ ብትሰበስበው ሚዛኔን አያነቃንቀውም» አለኝ።

እውነተኛው ዶላር 75 በመቶ ጥጥ፣ 25 በመቶ ተልባ እግር ነው። ይሄኛውን ያወጣው መንግሥት የለም። ባንክ አይመነዝረውም። ብርቅ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰውም (ሰብሳቢ የምለው እሱን ነው) አይፈልገውም፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ብርቅ ለሆነ ነገር ነው፣ ፋብሪካው ግን ይህን ነገም እንደፈለገ ያትማል። የዚምባብዌ ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላርም በወርቅ ቅብ ይሸጣል። በ2009 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ያወጣችው ግን ወረቀት ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም ያንኑ ወረቀት ነው። ባለ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሏችሁማ፣ አሜሪካ እንዲህ ያለ ገንዘብ አውጥታ አታውቅም።

አያቴ አንገቷ ላይ ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ ብር) አላት። ከጊዜ በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 የሚል ስላለበት ዕድሜው አይታወቅም። ቢሆንም 28 ግራም ይመዝናል፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። ሰብሳቢ ቢጠፋ እንኳ ብሩ ብር ነው። የኔው ላስቲክ ምን ይሁን?

ሻጩ «ዋጋው ይጨምራል» ካላችሁ «እንግዲያው አሁኑኑ በግማሽ ዋጋ መልሰህ ትገዛዋለህ?» በሉት። እኔ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ አሁን ስልኩ አይነሳም። ለግድግዳ ጌጥ ከወደዳችሁት ግን በፖስተር ዋጋ ተከራከሩ።