የቁልቢ ጉዞ ፓኬጅ፦ ለአውቶቡሱ ሁለት ኮከብ፣ ለዲያቆኑ አምስት

ከቁልቢ ስመለስ «ፓኬጁ እንዴት ነበር? ብሩ ይገባዋል ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ይሄን ጻፍኩ። ዕዳ ልከፍል ነው የሄድኩት። ዕዳው የእናቴ ነው፤ የተገባው ግን በእኔ ስም ነው። 12ኛ ክፍል ስፈተን «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትግባልኝ እንጂ ለቁልቢ ገብርኤል ዣንጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። ገባሁ። ተመረቅኩ። ባንክ ተቀጠርኩ። ዣንጥላው ግን ሳይገባ 16 ዓመት ሞላው። በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣል፤ አንዴ ገንዘብ፣ አንዴ መንገድ፣ አንዴ ጉልበቷ። በ2017 ኅዳር ላይ «ዘንድሮ ካልሄድሽልኝ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ» አለችኝ። ከቤት እስከ ታክሲ ተራ መድረስ የማትችል ሴትዮ ናት። ሄድኩላት።

እውነቱን ልናገርና የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ዕድገት ሊወጣ ነው ይባል ነበር። የእናቴን ስለት አስገብቼ የራሴን ልሳል አሰብኩ። በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ።

ማስታወቂያውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። «የበረከትና የስኬት ጉዞ ወደ ቁልቢ» ይላል። ፎቶው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ ከጎኑ ሱፍ የለበሰ ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ሰውየው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዋጋው 4,200 ብር ነው፤ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ የማደሪያ ቦታና ቲሸርት ጨምሮ። ታኅሣሥ 17 ሐሙስ ተነስቶ እሑድ መመለስ ነው። ከዓመት ፈቃዴ ቆረጥኩና ከፈልኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ወቀሳዬ ይበዛል፣ እነሱም እዚህ መልስ መስጠት አይችሉም።

በመኪናው ልጀምር። ሌሊት 10 ሰዓት ተገኙ ተባልን፤ አውቶቡሱ 11፡40 መጣ። ወንበሩ ወደ ኋላ አይተኛም። ከፊቴ ያለው ብቻ ይተኛል፤ እሱም ተሰብሮ ነው። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገዱ ስለሆነ ማንም አላማረረም። አዳማን ስናልፍ አስተባባሪው ካርቶን ይዞ መጣና ቁርስ ማደል ጀመረ። የእንቁላል ሳንዱች። በጾመ ነቢያት! መኪናው ሙሉ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው፤ ወደ ገብርኤል ነው የምንሄደው፤ ልጁ እንቁላል ያድለናል። «ፓኬጁ ውስጥ አለ እኮ» አለ ግራ ገብቶት። ሹፌሩ ሙስሊም ነው። በመስታወት አየንና «ለእኔ ይሁን» ብሎ አራቱን አነሳ። የቀረው መተሐራ ላይ ለልጆች ተሰጠ።

ከዚያ ማይኩ መጣ። አስተባባሪው በየወንበሩ እየዞረ «ስምዎትና ስለትዎት?» ይላል። ሰው የልቡን ለመልአክ ሊነግር እንጂ ለማይክ ሊነግር አልመጣም፤ ግን አፍሮ ይናገራል። ቪዛ። ልጅ። ቪዛ። የፍርድ ቤት ጉዳይ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ። አንድ ልጅ «ዩቲዩቤ ሞኒታይዝ እንዲሆን» አለ፤ መኪናው ሙሉ አጨበጨበለት። እኔ ጋ ሲደርስ «የእናቴን አድርሼ ልመለስ ነው» አልኩ። ዋሸሁ።

ከአስተባባሪው ቀጥሎ የተነሳው ሰው ደግሞ አፓርታማ ሻጭ ነበር። አልቀለድኩም። የጉዞው «አጋር» ናቸው ተባለ። በወርቃማ መስታወት የተሸፈነ ፎቅ ያለበት ብሮሹር አደለን፤ ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ፤ «ዛሬ እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ ለሚመዘገብ ልዩ ቅናሽ»። ቲሸርቱም የተሠራው በእነሱ ነው። ከፊት የመልአኩ ሥዕል፣ ከኋላ የድርጅቱ አርማና «ስኬት 2017»። የመልአክ ሥዕል ለብሶ ወንበር ላይ መደገፍ ራሱ ይከብዳል።

ይኸው ሰውዬ የራስ መኰንንን ታሪክ አነሳ። «ተስለው ዓድዋ ሄዱ፣ ድል አደረጉ፣ መጥተው ቤተ ክርስቲያኑን ሠሩ፤ እናንተም ተሳሉ፣ ታሸንፋላችሁ!» ከድሉ በኋላ ለምስጋና እንዳሠሩት ሲነገር የኖረ ነው፤ አልከራከርም። እሱ ያልነገረን ግን አለ። ራስ መኰንን ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው በ1898 መጋቢት መንገድ ላይ ቀሩ። ልጃቸው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ሰውየው ገብርኤልን ይወዱት ነበር፤ ገብርኤል ደጃፍ ላይ ሞቱ። ይሄ ብሮሹር ላይ አይጻፍም።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ብቻ ጣት እንዳልቀስር። ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጥ ጴንጤ ጓደኛ አለችኝ። «ዘንድሮ የእጥፍ በረከት ዓመት ነው ተብሎ ተነግሮናል፣ ዘር ዘርቻለሁ» (በረከት ፈልጋ ለቤተ ክርስቲያኗ ብር ሰጥታ ማለት ነው) ስትለኝ ስንት ዓመት ስቄባታለሁ። ከመሄዴ በፊት ለዕድገቱ ልሳል እንደሆነ ስነግራት አየችኝና «አንቺ ደግሞ ዣንጥላ ትዘሪያለሽ» አለች። መልስ አጣሁ።

አዋሽ አካባቢ መኪናው ጭጭ አለ። ያን ሰሞን ፈንታሌ በኩል መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አዲስ አበባም ሌሊት አልጋችን ተነቅንቆ ያውቃል። ሁሉም ወደ ተራራው ያያል። አፓርታማ ሻጩን ስንተኛ ፎቅ እንደሚሻል የሚጠይቀው ሰው ጠፋ።

ከአሰበ ተፈሪ በኋላ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ንፋስ አልነበረውም። ሦስት ሰዓት መንገድ ዳር ቆምን። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ ቋጠሯቸውን ፈተው ቆሎ ዘረገፉልኝ። እሳቸውም ዣንጥላ ይዘዋል። «ደርሶልዎት ነው?» አልኳቸው። አልደረሰላቸውም። ልጃቸው ከሀገር ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በየመን በኩል ነው የሄደው፤ ድምፁ የለም። ስለቱ «ድምፁን ልስማ» ነበር። «ታዲያ ሳይደርስልዎት ያስገባሉ እንዴ?» አልኩ። የባንክ ሰው ነኝ፤ እንደ ቼክ ነው ያሰብኩት። እማማ ቆሎውን እያሹ «ገብርዬ የእኔ ተላላኪ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ቆሎው ሱፍ ነበረበት፣ ጥሩ ነው።

ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ የደረስነው ማታ 4 ሰዓት ነው። «ማደሪያ» የተባለው ድንኳን ሆኖ ተገኘ። ድንኳን በቁልቢ ነውር አይደለም፤ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ግን ድንኳን ነው ማለት ነበረባቸው። የሐረርጌ ደጋ የታኅሣሥ ብርድ ቀላል አይደለም፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ሰው ሰጡን። ሽንት ቤቱን አልገልጸውም። ጠዋት ላይ ያዳነችን አንዲት የመንደሩ ሴት ናት። ሙስሊም ናት፤ ከቤቷ ደጃፍ የቡና ቅጠል ቁጢ በትልቅ ድስት አፍልታ ትሸጣለች። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ፤ ጣቶቼ ሲመለሱ ነው የጠጣሁት።

አሁን ወደ ዲያቆኑ። የፓኬጁ ትንሹ መስመር ላይ «መንፈሳዊ መርሐ ግብር» ይላል፤ ማንም ልብ አላለውም። ዓርብ ማታ ጄነሬተሩ ጠፋ። ማይክ የለም፣ ሻጭ የለም። ሁለት ጧፍ ተለኮሰ። አንድ ቀጭን ዲያቆን፣ 25 ዓመት ቢሞላው ነው፣ መሐላችን ቆሞ በራሱ ድምፅ ማስተማር ጀመረ። ነገ የሚከበረው መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ነው፤ ይሄን ሁላችንም ከልጅነት እናውቃለን። እሱ ግን «ሥራቸው ምን ነበር?» ብሎ ጀመረ። ዝም አልን።

«የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ» አለ። ተማርከው የሄዱ ልጆች ናቸው። በቤተ መንግሥት ተማሩ፣ የባቢሎን ስም ወጣላቸው፤ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ። በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሾሙ። በዛሬ ቋንቋ ዕድገት ያገኙ ሰዎች ናቸው። ዕድገት ጠልተው አልነበረም። ከዚያ ናቡከደነፆር የወርቅ ምስል አቆመ፤ ቁመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 6። መለከቱና መሰንቆው ሲሰማ ሁሉም ይስገድ ተባለ። ዲያቆኑ ስድሳ ክንድ ሲል ዓይኔ መሬት ላይ ወደ ወደቀው ብሮሹር ሄደ፤ ወርቃማ መስታወቱ በጧፉ ያበራል። ድርቤ ስር ሸጎጥኩት።

«አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ» አለ ዲያቆኑ። «ቀጥለው ምን አሉ? ባያድነንም አንሰግድም። እሳቱ ገና ሰባት እጥፍ ሳይነድ፣ መልአኩም ሳይመጣ ነው ይህን ያሉት። እኛ ‹ባያድነንም› የተባለበትን በዓል ልናከብር ‹ከሰጠኸኝ› ይዘን መጣን።»

አንድ ሰው ከጨለማው ውስጥ «ታዲያ አንሳል ነው?» አለ፣ ቆጣ ብሎ። ጥያቄው የእኔም ነበር። ዲያቆኑ አልተደናገጠም። ሐናን አነሳ። «ሐናም ተስላለች፤ የተሳለችው ግን የሚሰጣትን ልጅ መልሳ ልትሰጥ ነው። ሳሙኤልን ወስዳ ቤተ መቅደስ አስቀመጠችው። ተሳሉ። ሹመትም ለምኑ። ሲሰጣችሁ ግን መሰንቆው የሚመታ ቀን አለ፤ ያን ቀን ጉልበታችሁ ለማን እንደሚታጠፍ ከዛሬ እወቁ።»

እኔ ሰኔ ትዝ አለኝ። በጀት መዝጊያ ነው፣ የተቀማጭ ታርጌት አልሞላም። እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ወንጌል ሲነበብ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ትልቅ ደንበኛ ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ሰው እየገፋሁ ወጣሁ። በግቢው ዋርካ ስር ቆሜ «አቤት ጌታዬ፣ አቤት» ስል፣ ከኋላዬ «ወንጌል ሲነበብ ቁሙ» የሚለው ይሰማኛል። ቆሜ ነበር፤ ለደንበኛው።

ቅዳሜ ታቦቱ ሲወጣ የነበረውን ለመግለጽ አልሞክርም። እልልታ፣ የሕፃናት ለቅሶ፣ ዕጣን፣ አቧራ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፤ ጓደኛው በስልክ ይቀርጸዋል። ላይ ሲደርስ ጓደኛው «አልተቀረጸም፣ ድገመው» አለው። ልጁ ወረደና ድንጋዩን ይዞ እንደገና ወጣ። መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ ግን፣ ሁለት ጊዜ መሸከሙ ራሱ እውነት ነው።

ዣንጥላውን ከመርካቶ ነው የገዛሁት፤ ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ሰልፍ ይዤ ደረስኩ። ተቀባዩ የእናቴን የክርስትና ስም ጠየቀኝ፣ ጻፈ፣ ዣንጥላውን ተቀብሎ ከኋላው ወዳለው ክምር ላከው። እንደ ማገዶ የተቆለለ ዣንጥላ ነው። 16 ዓመት የቆየ ዕዳ በአንድ ደቂቃ አለቀ። «ቀጣይ!» አለ።

ከዚያ የራሴን ልሳል ቆምኩ። ከሰልፉ ወጣ ብዬ ግንቡን ተደግፌ «ሥራ አስኪያጅነቱን ከሰጠኸኝ…» ልል አፌ አልከፈት አለ። እምቢ አለኝ። የእማማን ልጅ ድምፁን አሰማቸው አልኩ። እናቴን ጉልበቷን አልኩ። ወረድኩ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ሰዎች መልሴ ይሄው ነው። መኪናው ደካማ ነው፤ ሹፌሩ ግን ጎበዝና ትዕግሥተኛ ነው፣ በዳገቱ አንዴም አልቸኮለም። ምግቡ ከእንቁላሉ በኋላ ተስተካክሏል፤ የዓርቡ ሽሮ ትኩስ ነበር። የራሳችሁን ብርድ ልብስ፣ ባትሪና የሽንት ቤት ወረቀት ያዙ። ማይክ ሲመጣ ተኝቻለሁ በሉ። የድሬዳዋን ባቡር ይዛችሁ ከዚያ በመኪና ደንገጎን ወጥታችሁ ብትመጡ ወገባችሁ ይተርፋል፤ ግን ዲያቆኑ አይኖርም። 4,200 ብሩ ይገባዋል ወይ ለሚለው፣ ያለ ዲያቆኑ 2,500 እከፍል ነበር።

የዕድገቱ ዝርዝር እስካሁን አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ ተደወለልኝ፤ ለሐምሌ 19ኙ የገብርኤል በዓል ምዝገባ ጀምረዋል። ዲያቆኑ ይኖራል ወይ አልኩ። ይኖራል አሉ። አፓርታማ ሻጩስ? «እሱም ይኖራል እህቴ፣ ስፖንሰር ነው።» መስኮት ጋ ያዙልኝ፣ ቲሸርቱ ይቅርብኝ አልኳቸው። ክረምት ስለሆነ ዘንድሮ ዣንጥላ የምይዘው ለራሴ ነው።