ሳያዩ የማይፈቱ መካኒክ፦ ኮምቦልቻ፣ ባቲ መንገድ

አውቶማቲክ ካምቢዮ አስቀይራችሁ ከመኪናችሁ ስር ቀይ ዘይት ማየት ከጀመራችሁ፣ "በቃ ይውረድ" ከማለታችሁ በፊት ኮምቦልቻ ያለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ብቅ በሉ። ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ፎሳ (ከመኪና ስር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ) እና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው ያለው። ባለቤቱ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

መኪናዬ የ2004 ኮሮላ ናት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከሥራ መልስ ያንን ሁሉ ዳገት መውጣት አለ። የድሮው ካምቢዮ የተሸነፈውም እዚያው ዳገት ላይ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። አዲስ ካምቢዮ የሚታሰብ ስላልሆነ ያገለገለ የዱባይ ገዝቼ ሌላ ጋራዥ አስገጠምኩ። ማርሽ አቀያየሩ ቆንጆ ሆነ። ግን ማፍሰስ ጀመረ።

የገጠሙት ልጆች ከስር አየት አድርገው ፈረዱ። "የፊት ሲሉ ነው፣ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል" አሉኝ። ሲል ማለት ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ነው። የእጅ ዋጋውም እንደገና።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመሬት ተነስተው የተናገሩት አይደለም። ሞተሩና ካምቢዮው መሃል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። ካምቢዮ ሲሰቀል ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ገብቶ ካልተቀመጠና ቡሎኑ ዝም ብሎ ከጠበቀ፣ የፊት ሲሉን ያበላሻል። ሲብስም የዘይት ፓምፑን ይሰብራል። ያኔ ዘይቱ የሚወጣው ሞተርና ካምቢዮ ከሚገናኙበት ነው። የእኔም የሚያንጠባጥበው እዚያው አካባቢ ነበር። ችግሩ፣ ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪና ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሁሉም ነገር በዘይት ተለቅልቆ እያለ ምንጩን ማወቅ አይቻልም።

ጋሼ ዘንድ ስደርስ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ ጠየቁኝ። "እህቴ፣ የሚያፈሰው ደሴ ስትወጪ ነው ወይስ ወደዚህ ስትወርጂ?"

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሰብኩት። ጠዋት ቁልቁለቱን ወርጄ መሥሪያ ቤት ሳቆማት ትንሽ ጠብታ ናት። ማታ ደሴ ስደርስ ግን ከስር በዘይት ታጥባ ትገባለች። ነገርኳቸው። "አብሽሪ፣ ቶሎ አናወርደውም" አሉኝ። ያቺ "አብሽሪ" እንዴት እንዳሳረፈችኝ!

መጀመሪያ ዘይቱ የማን እንደሆነ አረጋገጡ። ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥበው ብርሃን ላይ አዩት። ቀይና ንጹሕ ነው፣ የካምቢዮ ነው። የሞተር ዘይት ቢሆን ወደ ቡናማና ጥቁር ይሄድ ነበር። እንደ ወተት የነጣ ሮዝ ቢሆን ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ቀጥለው የዘይቱን ልክ ለኩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄያቸውን ልብ በሉ። መኪናዋን መጀመሪያ አስነድተው አሞቋት። ከዚያ ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል በየተራ አስገብተው ወደ ፒ መለሱት። ከዚያ ነው መለኪያዋን ያወጡት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። ጋሼ እንዳስረዱኝ መለኪያዋ ላይ የቀዝቃዛና የሙቅ ምልክት ለየብቻ አለ። የሞሉት ልጆች በቀዝቃዛው እስከ ሙቁ ምልክት ከሞሉት፣ ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ልኩን ያልፋል። የሚሽከረከረው ዕቃ ይንጠውና አረፋ ያደርገዋል። ካምቢዮው አናት ላይ ደግሞ መተንፈሻ አለ። አረፋው በዚያ ይወጣና በካምቢዮው ገላ ላይ ወርዶ ከስር ይንጠባጠባል። ሐረጎን ስወጣ የሚብሰው ለዚህ ነበር፤ ዘይቱ የሚግለው ዳገቱ ላይ ነዋ።

ትርፉን ዘይት በመለኪያው ቱቦ ቀጭን ላስቲክ አስገብተው በትልቅ ስሪንጅ መጠጡት። ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ወጣ። ይህ ካምቢዮ ከስር ቢፈታ የሚፈሰው ሦስት ሊትር ገደማ እንደሆነ ስታስቡት ትርፉ ቀላል አይደለም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳብ ይቀበል ነበር። ጋሼ ግን "መተንፈሻው ዳገቱን ገለጸልን፣ የጠዋቷን ጠብታ አልገለጸም" አሉ። ረዳታቸው ካምቢዮውን ከአናቱ እስከ ኮፓው (ከስር ያለው የዘይት መያዣ ቆርቆሮ) በቤንዚንና በብሩሽ አጠበው፣ በኮምፕረሰር አደረቀው። ከዚያ በሚጠረጠሩት ቦታዎች ሁሉ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱ። የሞተርና የካምቢዮው መጋጠሚያ፣ የኮፓው ጋስኬት ዙሪያ፣ ወደ ራዲያተር የሚሄዱት የዘይት ጎማዎች ጫፍ፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለቱ ሻፍቶች የሚገቡበት። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ሐረጎን እስከ ወገቡ ወጥተን ተመለስን።

ፎሳው ላይ ስንመለስ ወርጄ አብሬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ባትሪውን አበሩ። መተንፈሻው ደረቅ። የሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ፓውደሩ ነጭ እንደሆነ አለ። የፊት ሲሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የግራው ሻፍት መግቢያ ስር ግን ነጩ ፓውደር ላይ እንደ ጥለት ክር የቀጠነች ቀይ መስመር ወርዳለች። ጋሼ ጣታቸውን ወደ መስመሯ ጠቁመው ዝም አሉ። እኔም አየሁት፤ ማስረዳት አላስፈለገም።

ሻፍቱ ተነቅሎ ሲሉ ሲወጣ በመዳፋቸው ይዘው አሳዩኝ። የላስቲኩ ከንፈር አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከንፈሩን የምትይዘው ቀጭን ስፕሪንግም ከቦታዋ ወጥታለች። ሻፍት ሲገባ ዘንበል ካለ ጥርሱ ሲሉን እንዲህ ይቆርጠዋል። አዲሱን ሲል ከማስገባታቸው በፊት ሻፍቱ ላይ ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራቸው አሹት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ሲልም አይቆይም አሉ። አልነበረም። አዲሱን ከንፈሩን በካምቢዮ ዘይት ቀብተው፣ ዙሪያውን እኩል እየመቱ አስቀመጡት። ሻፍቱን ረዳቱ ከውጭ ቀና አድርጎ ደግፎ፣ እሳቸው ከውስጥ እየመሩ አስገቡት። የጎደለችውን ቲ-ፎር በሚባለው የካምቢዮ ዘይት ሞሉ። ዕቃ ቤት ደብልዩ ኤስ የሚባለውን ዘይት ሊሰጡን ነበር፣ እሱ የሌላ ካምቢዮ ነው፣ አይቀላቀልም ብለው አስመለሱት።

ስንጨርስ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፣ ያገለገለ ካምቢዮ ለምትገዙ ይጠቅማል። ካምቢዮው ገና መሬት ላይ እያለ የፊት ሲሉ፣ የሁለቱ ሻፍቶች ሲልና የኮፓው ጋስኬት አዲስ ይግባ አሉ። ያኔ ዋጋው የዕቃው ብቻ ነው፣ እጅ ብዙም አይጨምርም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣም ይታጠብ። አለበለዚያ የድሮው ካምቢዮ ቆሻሻ ወደ አዲሱ ይገባል። የእኔ አልታጠበም ነበር፣ እሳቸው አጠቡት። ኮፓ የሚያፈስ ሲመስል ደግሞ ቡሎኑን አጥብቆ መጨቆን መፍትሔ አይደለም፤ ቆርቆሮው ይጣመምና ይብሳል።

ዋጋው? ለእጅ የከፈልኩት፣ ካምቢዮውን ለማውረድና ለመስቀል ከተጠየቅኩት ሩቡን እንኳን አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ናት። የሚበልጠው ግን የተከፈተው ነገር ሁሉ መከፈት የነበረበት መሆኑን በዓይኔ ማየቴ ነው።

የማልወደውም አለ። ቀርፋፋ ናቸው። አንድ ፎሳ ስለሆነ ወረፋው ያቃጥላል፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ከማንጎው ጥላ ውጪ መቀመጫ የለም። ስልክ አያነሱም፣ እጃቸው ዘይት ነው። ደረሰኝ ለመሥሪያ ቤት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ካልተጠየቁ አይጽፉም። ቴሌብር ይቀበላሉ። አርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነው፣ ከዚያ በኋላም ቶሎ አይከፈትም። መኪናችሁ የምታፈሰው ሌሊት ቆማ ከሆነ ማታ ወስዳችሁ እዚያው አሳድሯት፤ ከስር ካርቶን አንጥፈው ጠዋት ራሳቸው ያዩታል። መኪናዋን አሳጥባችሁ አትሂዱ። ሳይታጠብ ማየት ይፈልጋሉ።